አርባ ደቂቃ በእንጅባራ

ኮፐንሃገንን አውቃታለሁ። ሄጄ አይደለም፤ በስልኬ ነው። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው ካሜራውን ይዞ፣ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ከተማ ውስጥ የሚራመድባቸው ቪዲዮዎች አሉ አይደል? እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እነሱን እከፍታለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከወደቡ ነው። አንድ ሰፈር የሚያክል የመንገደኞች መርከብ ላንገሊኒ የሚባለው ቦታ ይቆማል። ተሳፋሪው ይወርድና እ.ኤ.አ. በ1913 የቆመችውን የትንሿን የባሕር ልጃገረድ ሐውልት ያያል፤ ከዚያ በኒሃቭን ባለቀለም ቤቶች በኩል አልፎ ስትሮየት የሚባለው የእግረኛ መንገድ ውስጥ ይገባል። መርከቡ ማታ ስለሚነሳ ሁሉም ሰዓቱን እያየ ነው የሚራመደው።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። ከዳንግላ እንጅባራ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለትምህርት ስመላለስ፣ በኋላም ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ስወጣና ስወርድ፣ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩባት ቆጥሬ አልዘልቀውም። የዞናችን ዋና ከተማ ናት፤ ለወረቀት ጉዳይም ሄጃለሁ። ከመናኸሪያ በባጃጅ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ። አንድ ሰው “እስቲ ስለ እንጅባራ ንገረኝ” ቢለኝ ግን መልሴ “ብርድ አላት፤ ፍርፍሯም ጥሩ ነው” ነበር። በቃ። የዴንማርክን ዋና ከተማ ከወደብ እስከ አደባባይ እየመራሁ የማደርስ ሰው የጎረቤቴን ከተማ የማውቃት በመስኮትና በሳህን ብቻ ነበር።

ባለፈው በጋ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሳችን እንጅባራ ለቁርስ ቆመ። ረዳቱ በሩን እየመታ “ቁርስ! አርባ ደቂቃ! የሚቀር ይቀራል!” አለ። እህቴ ዳቦ ቋጥራልኝ ስለነበር አልራበኝም። ሁሉም እንደ ልማዱ ተያይዞ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሲገባ እኔ ስልኬን አየሁና “የመርከብ ተሳፋሪ ብሆንስ?” አልኩ። ኮፍያዬን ወደ ጆሮዬ ጎተት አድርጌ ወጣሁ።

የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች በብርዱ ስንቀጠቀጥ ነው ያለፉት። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የጠዋት ብርዷ አይምርም። ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች፣ ከአፍንጫው ጭስ የመሰለ ትንፋሽ የሚተፋ የጋሪ ፈረስ፣ ጭጋጉ ገና ያልለቀቀው ባሕር ዛፍ። ጆሮዬ ላይ የሚያርፈው ወሬ ግማሹ አማርኛ ግማሹ አውንጊ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ይህን ሁሉ አንድም ቀን አልሰማሁትም፤ መስኮቱ ዝግ ነው፣ የሹፌሩ ሙዚቃም ክፍት ነው።

ወደ ቻግኒ የሚገነጠለው መንገድ ዘንድ ደረስኩ። ይህ መገንጠያ ቀላል አይደለም። ወደ ምዕራብ የሚወርደው አስፋልት በቻግኒ አድርጎ ወደ መተከል፣ ከዚያም ወደ ጉባ ያደርሳል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ያለው እዚያ ነው። የድሮ ስሟ ኮሶ በር መሆኑ የገባኝም እዚያ ቆሜ ነው። እውነትም በር ናት። የእኛ ችግር በሩን ማለፊያ ብቻ ማድረጋችን ነው።

ከዚያ ስመለስ የቀርቀሃ ዕቃ የሚሠሩ አንድ ሰው መንገድ ዳር አገኘሁ። የአዊ ደጋ በቀርቀሃ የታወቀ ነው። ወንበር፣ መደርደሪያ፣ አልጋ፣ መቀመጫ ሁሉ ይሠራበታል።

“ጋሼ፣ ገበያ እንዴት ነው?” አልኳቸው።

“መኪናው ያልፋል፣ እኛም እናያለን” አሉኝ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

“ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው አይገዛም?”

አሁን ሳቁ። “ልጄ፣ ይህን ወንበር አንተ አዲስ አበባ ድረስ ታቅፈኸው ልትሄድ ነው?”

ይህች ጥያቄ አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምሬ ያልገባኝን ነገር አስገባችኝ። ፍላጎት አለ፤ በየቀኑ ብር የያዘ ሰው በደጃቸው ይወርዳል። አቅርቦትም አለ፤ እጃቸው የተካነ ነው። መሃል ላይ የጎደለው አውቶቡስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። “ለስልክ ማቆሚያ የሚሆን ነገር አይሠሩልኝም?” አልኳቸው። ስልኬን ወስደው ውፍረቱን በጣታቸው ለኩ። አንድ ቁራጭ ቀርቀሃ አነሱ፤ አንጓው ላይ ቆርጠው፣ መሃሉን ሰንጥቀው፣ ጠርዙን በቢላ አለሰለሱት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሊሰጡኝ የፈለጉት በነፃ ነበር፤ በግድ ከፈልኳቸው። “እንዲህ ያለውን ማን ይገዛዋል?” አሉኝ። “ጋሼ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስልክ አለው” አልኳቸው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የመርከብ ተሳፋሪን እንደ ቀልድ አላነሳሁትም። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መንገድ ላይ ያሉ ከተሞቻችን ወደብ ናቸው፤ አውቶቡሱ መርከባቸው ነው። እንዲያውም እኛ በአንድ ነገር እንሻላለን። የመርከብ ተሳፋሪ ቁርሱንም ምሳውንም የከፈለው መርከቡ ላይ ነው፤ ከተማዋ ውስጥ ውኃ ብቻ ገዝቶ ሊመለስ ይችላል። የእኛ ተሳፋሪ ግን ርቦት፣ ጠምቶት፣ እግሩ ደንዝዞ ነው የሚወርደው። እንበልና በቀን አሥር አውቶቡስ፣ እያንዳንዱ 50 ሰው ይዞ ለ40 ደቂቃ ቢቆም፣ 20,000 ደቂቃ የሰው ጊዜ በየቀኑ ከተማዋ ላይ ይፈስሳል ማለት ነው። ይህ ሀብት ነው። ጥያቄው የት ይፈስሳል የሚለው ነው።

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንድ ግቢ ውስጥ። አውቶቡስ የት እንደሚቆም የሚወስነው ተሳፋሪው አይደለም። ሹፌሩና ረዳቱ ሰው ያመጡበት ቤት በነፃ እንደሚበሉ መንገድ የሄደ ሁሉ አይቷል። በእነሱ አልፈርድም፤ ሥራቸው ከባድ ነው። የመርከብ ድርጅቶችም ቢሆኑ ተሳፋሪያቸውን ራሳቸው ወደሚሸጡት ጉብኝት መምራት ይወዳሉ። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ 50 ሰው ይወርዳል፣ ብሩ አንድ ካዝና ውስጥ ይገባል፣ ቀርቀሃ ሠሪው ያያል።

“እንጅባራን ከኮፐንሃገን ጋር ታወዳድራለህ እንዴ?” የሚለኝ አይጠፋም። ስለዚህ የስትሮየትን ታሪክ ልንገራችሁ። ያ መንገድ እ.ኤ.አ. እስከ 1962 ድረስ መኪና የሚጨናነቅበት ተራ ጎዳና ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ለሙከራ ለመኪና ሲዘጋው ነጋዴዎቹ ገበያችን ሞተ ብለው ጮኹ። በዚህ ብርድና ዝናብ ማን ነው በእግሩ የሚንሸራሸረው ያሉም ነበሩ። ገበያው ግን አልሞተም፤ እግረኛው በዛ፣ ሱቁም ደራ፤ ዛሬ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ያ ጎዳና የከተማዋ መለያ ነው። ሰው በእግሩ ሲሄድ ይቆማል፤ ሲቆም ያያል፤ ሲያይ ይገዛል። ይህ የዴንማርክ ሕግ አይደለም። የዳንግላ ገበያም የሚሠራው በዚሁ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ክርክር የሰላም ነው፤ እሱን አልዘለውም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሰው ከቤቱ ለመውጣት ሲያስብ ኖረናል። “ነፍስ ሳይረጋጋ ስለ ሽርሽር ታወራለህ?” ብትሉኝ ቅር አይለኝም። እኔም ያን ጠዋት ስራመድ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞር ብዬ አይቻለሁ። ግን ሰላም ለእኔ ከመግለጫ ይልቅ የሚለካው በዚህ ነው፤ የማያውቁት ከተማ ውስጥ ወርዶ፣ ሳይሳቀቁ፣ አርባ ደቂቃ መራመድ መቻል። ለዚያ ቀን ተዘጋጅቶ መጠበቅ ደግሞ ኃጢአት አይደለም።

እንጅባራ የሚታይ ነገር አጥታ አይደለም። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያጌጡ ፈረሶችን ለማየት ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣል። ማህበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ፈረሶች በዓድዋ ድል የነበራቸውን ድርሻም ያስታውሳል። የዘንገና ሐይቅም ቅርብ ነው፤ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበ ውብ ሐይቅ። ግን ለአርባ ደቂቃ ተሳፋሪ ዘንገና አይደርስም፤ ጥር 23ም በዓመት አንድ ቀን ነው። የምናወራው ስለቀሩት ቀናት ነው።

ለዚያ ደግሞ ቢሊዮን ብር አያስፈልግም። አውቶቡሶች አንድ የጋራ ቦታ ይቁሙ፤ ተሳፋሪው የሚበላበትን ራሱ ይምረጥ። ረዳቱ “አርባ ደቂቃ” ከማለት ይልቅ “ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንነሳለን” ይበል፤ ሰዓቱን ያወቀ ሰው ሩቅ ለመሄድ አይፈራም። ከመቆሚያው እስከ ቻግኒ መገንጠያ ድረስ መኪና የማያባርረው የእግረኛ መንገድና ንጹህ መጸዳጃ ቤት ይኑር። የዞኑ ወጣቶችና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከቀርቀሃ ሠሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ያስቡ። ከንፍሮና ከተቀቀለ ድንች ጋር ለመንገደኛ ይሽጡት።

ለእኛ ለስልክ ትውልድ ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። ሮበርት ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል ነበር፤ መቀመጫው ዳንግላ ነበረች፣ የእኔው ከተማ። ከዚያ እየተነሳ የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር ዞሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። አገራችንን እየረገጠ ለዓለም ጻፈ። እኛ እዚሁ ተወልደን፣ ኪሳችን ውስጥ ካሜራ ይዘን፣ የሌላ ሰው ከተማ ቪዲዮ ላይ ዳታ እንጨርሳለን። እኔ የመጀመሪያው ተጠያቂ ነኝ። ስፈልግ የእንጅባራን ጠዋት በእግር የሚያሳይ አንድ ረጅም ቪዲዮ አላገኘሁም።

ያን ቀን ለትንሽ አምልጦኝ ነበር። ጥሩምባው ሲጮህ ገና መንገዱን እያቋረጥኩ ነው፤ ሮጬ ስገባ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ እጄ ላይ ያለውን ቀርቀሃ አይታ “ምንድን ነው?” አለችኝ። ስልኬን አቆምኩበት።

“የት ነው የሚሸጠው?”

“እዚሁ፣ አሁን ከተነሳንበት” አልኳት። ዞር ብላ በመስኮት ለማየት ሞከረች። አውቶቡሱ ግን ወደ ቲሊሊ አቅጣጫ ፈጥኖ ነበር።