ትንፋሽ ያጠረው ሞተር

«ያረጀ ሞተር ሳይክል አለኝ፤ ቤቴ ውስጥ ቱርቦ ልገጥምለት ነው» የሚል ተማሪ በመካከላችን ቢነሣ ከጓደኞቹ የሚያገኘው መልስ ከሁለት አያልፍም፤ ወይ ሳቅ ነው፣ ወይ ጭብጨባ ነው። የሚስቁት «ይህ የጋራዥ ልጅ ጨዋታ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው ለዚህ ነው ወይ?» ይሉታል። የሚያጨበጭቡት ደግሞ ገና ከአሁኑ የማርሚታው ጩኸትና የአስፋልቱ ሩጫ ይታያቸዋል። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። ሁለቱም ወገኖች ቱርቦ ማለት ፍጥነት ማለት ነው ብለው አምነዋል። ቱርቦ ግን መጀመሪያ ስሙን ያተረፈው በከፍታ ላይ ነው፤ ስለዚህም ከማንም ይልቅ ደጋ ላይ ለምንኖር ሰዎች የሚገባ የጥናት ጉዳይ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ነገሩን ከአየሩ እንጀምር። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ከመቶ 78 እጅ ያህል ብቻ ነው። ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ሆለታ ስንደርስ፣ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከመቶ ወደ 75 እጅ ይወርዳል። ከአምቦ ወደ ወንጪ የሚወጣው መንገድ 3,000 ሜትር ሲጠጋ 70 እጅ ገደማ ይሆናል። በምዕራብ በኩል በጉደርና በጌዶ አልፈን ባኮ ስንወርድ ደግሞ፣ ወደ 1,650 ሜትር ላይ፣ ወደ 82 እጅ ከፍ ይላል። እንግዲህ ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ አይደለም። ቤንዚኑ የሚነደው ፒስተኑ በሳበው አየር ልክ ነው። መጽሐፉ ላይ 20 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር ሳይክል አምቦ ላይ ወደ 15 ቢሰጥ ነው። ባለሞተሩ ከኋላው ሰውና የድንች ጆንያ ጭኖ ወደ ወንጪ ሲወጣ አንደኛ ማርሽ ላይ የሚጣበቀው ሞተሩ ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽ ስላጠረው ጭምር ነው። በዚያ ላይ የሳሳ አየር ሲሊንደሩን በደንብ አያቀዘቅዝለትም። ማነስ ብቻ ሳይሆን መጋልም አለበት ማለት ነው።

ከጭስ ማውጫው በከንቱ የሚወጣውን ትኩስ ጭስ ተርባይን እንዲያዞር፣ ተርባይኑም በአንድ ዘንግ የተያያዘውን አየር ገፊ መንኮራኩር እንዲያሽከረክር ያሰበው ስዊሳዊው ኢንጂኔር አልፍሬድ ቡቺ ነው፤ ሐሳቡን በስሙ ያስመዘገበውም በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ዓለም በዐይኑ አይቶ ያመነው ግን በ1918 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ፣ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በከባድ መኪና አስጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣው። ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሌው ከቱሉ ዲምቱ ጥቂት ብቻ ያንሳል። ቆላ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ተራራው ላይ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሆነ። ልብ በሉ፣ ሞስ የፈለገው ሞተሩ ከራሱ በላይ እንዲሮጥ አልነበረም፤ ተራራው የወሰደበትን እንዲመልስ ነበር እንጂ። ይህ ሰው ደግሞ የዶክተርነት ማዕረጉን ከመያዙ በፊት በአየር መጭመቂያ ወርክሾፕ ውስጥ የመካኒክ ተለማማጅ ነበረ። የሚስቁት ጓደኞቻችን ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

አሁን አምቦ ላይ ያለች አንዲት ሞተር ሳይክል ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት እናስላ። የባሕር ወለልን ግፊት ለመመለስ አየሩን 1.29 ጊዜ መጭመቅ ይበቃል፤ ይኸውም ከውጭው አየር በላይ 0.23 ባር ያህል መጨመር ማለት ነው። ይህ ከአንድ ጎማ ግፊት ጋር ሲነጻጸር እንኳ ምንም ነው። ይሁን እንጂ አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። ጥሩ ያልሆነ ትንሽ ቱርቦ ይህን ያህል ሲጨምቅ አየሩን ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ይሳሳል። ስለዚህ 29 እጅ አገኛለሁ ብሎ የገጠመ ሰው፣ አየሩን በመንገድ ላይ ካላቀዘቀዘ፣ የሚያገኘው ወደ 15 እጅ ገደማ ነው። ግማሹ በሙቀት ሄደ። ይህንን ስሌት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በግማሽ ገጽ ይሠራዋል፤ ነገር ግን ቴርሞሜትሩን ቧንቧው ውስጥ ከትቶ ያየው ስንቱ ነው?

ወደ ብረቱ እንምጣ። አስቀድሜ የምመክረው ቱ ስትሮክ የሆነውን ሞተር ሳይክል መተው ነው። በቱ ስትሮክ አዲሱ አየር ሲገባ ጭስ መውጫውም ክፍት ነው፤ ያ የተነፋው የጭስ ቱቦ በድምፅ ሞገድ አማካይነት የሚያመልጠውን አየር መልሶ ይገፋዋል። በመካከል ተርባይን ሲገባ ያ ሥራ ይበላሻል። ደግሞም ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚቃጠል ለቱርቦው የሚዞር ዘይት የለም። ከ100,000 ዙር በደቂቃ በላይ የሚሽከረከር ዘንግ ያለ ዘይት አንድ ደቂቃ አይውልም።

ፎር ስትሮክ የሆነው ባለ አንድ ሲሊንደር ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። የሚተነፍሰው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጭሱ ተርባይኑን በሚመታበት ሰዓት የመሳቢያው ቫልቭ ዝግ ስለሆነ የተጨመቀው አየር መሄጃ ያጣል። መድኃኒቱ በቱርቦውና በሞተሩ መካከል የአየር ማጠራቀሚያ ማስቀመጥ ነው፤ ጥሩ ሆኖ የተበየደ የላሜራ ጣሳ ይበቃል። የቱርቦው መጠንም ሌላ ጉዳይ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ከኢሱዙ የወረደ ቱርቦ ገዝቶ የሚመጣ ሰው ገንዘቡን አቃጥሏል። 250 ሲሲ ሞተር በ7,000 ዙር አምቦ ላይ የሚስበው አየር በሴኮንድ 11 ግራም ገደማ ነው፤ ይህ እስትንፋስ የጭነት መኪናን መንኮራኩር አያነቃንቀውም። የ660 ሲሲ የጃፓን ትንንሽ መኪኖች ቱርቦ እንኳ ይሰፋዋል።

የአሮጌ ሞተር አንድ ጸጋ ግን አለ። ሆንዳ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲኤክስ 500 ቱርቦን ሲሠራ የሞተሩን የመጭመቅ ልክ ከ10 ወደ 7.2 ዝቅ አድርጎታል፤ አለዚያ ቤንዚኑ ካንዴላው ሳያዝዘው በራሱ እየፈነዳ ፒስተኑን ይበሳዋል። ለደካማ ቤንዚን ተብለው የተሠሩ የጥንት ሞተሮች ከፋብሪካቸው ሲወጡም ዝቅ ያሉ ናቸው። ካርቡራቶሩን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ፤ ከቱርቦው በፊት ማስቀመጥና ከቱርቦው በኋላ ማስቀመጥ። ካዋሳኪ በ1978 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን መንገድ፣ ያማሃ በ1982 እ.ኤ.አ. ሁለተኛውን ሞክረዋል። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ይቀላል ባይ ነኝ፤ ብቻ የቱርቦው ማኅተም ቤንዚን የሚችል መሆን አለበት። የደጋ መካኒኮች ለሳሳው አየር ሲሉ ያጠበቡት የቤንዚን ቀዳዳም ተመልሶ መስፋት አለበት። አየር ጨምሮ ቤንዚን የነፈገ ሰው ሞተሩን በገዛ እጁ ያቀልጠዋል።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ያላቸውን እውነት መደበቅ አልፈልግም። ሆንዳም፣ ያማሃም፣ ሱዙኪም፣ ካዋሳኪም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቱርቦ ሞተር ሳይክል ሠርተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትተውታል። ለጉልበት ከሆነ ትልቅ ሲሊንደር ያለው ሞተር ሳይክል መግዛት ይረክሳል። ከዚያም በላይ፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር ስለማይተነፍስ ወንጪ ላይም ጅቡቲ ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ቱርቦ ገጥሞ የሚያተርፍ ባለሞተር አምቦ ውስጥ አይገኝም፤ ይገኛል ብዬም አልሰብክም።

እኔ የማስበው ስለ ወፍጮውና ስለ ውኃ ፓምፑ ነው። በጉደርና በአካባቢው ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማው ገበሬ ፓምፑን የሚያስነሣው በባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነው። የመብራት መሥመር ያልደረሰበት ቀበሌ ወፍጮውም፣ የበቆሎ መፈልፈያውም እንደዚሁ ነው። እነዚህ ሞተሮች ሁሉ ያንኑ የሳሳ አየር ይተነፍሳሉ፤ ከመቶ 20 እና 25 እጅ ጉልበታቸውን እያጡ ናፍጣውን ግን ገበሬው በሙሉ ዋጋ ይከፍላል። ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ላይ ቱርቦና የአየር ማጠራቀሚያ ገጥመው መሥራቱን አሳይተዋል፤ ያሰቡትም እንደ እኛ ላሉ አገሮች ትራክተርና ፓምፕ ነው። ታዲያ ቦስተን በባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ስለ እኛ ሞተር የሚያስብ ሰው ሲገኝ እኛ 2,100 ሜትር ላይ ተቀምጠን ስንስቅ መገኘታችን ምን ይባላል? ባኮ ውስጥ የእርሻ መሣሪያ ምርምር ማዕከል አለ። አምቦ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻ ትምህርት የቆመባት ከተማ ናት። አሮጌዋ ሞተር ሳይክል በሁለቱ መካከል ያለች ርካሽ የመለማመጃ ደብተር ናት፤ ብትበላሽ የማንም ማሳ አይደርቅም።

ሳቁ ከየት እንደሚመጣ ግን ዐውቀዋለሁ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሥራው ስም መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ስሙን ለውጦ «የጋራዥ ልጅ» ሆነ እንጂ አልጠፋም። ጋራዡ ግን የራሱ ትምህርት ቤት ነው፤ የራሱ ቋንቋም አለው። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቶርኖ የሚባሉት ቃላት ከጣሊያን አፍ ወጥተው በአባቶቻችን እጅ የቀሩ ናቸው። ኢንጂኔሪንግ የሚማር ወንድማችን የሙቀት ሕጎችን በእንግሊዝኛ በቃሉ ይወጣል፤ ጊንጪ ያለው መካኒክ ቴስታታ ሲከፍት ግን «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው እርሱ ነው። መካኒኩ በበኩሉ ፒስተኑ መቅለጡን ያያል፤ ለምን እንደቀለጠ በቁጥር የሚነግረው የለም። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። ቱርቦ ደግሞ በደብተር ብቻም በመዶሻ ብቻም የማይገጠም ዕቃ በመሆኑ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣቸዋል።

ለሚያጨበጭቡት የምለው አጭር ነው። የጥንት ሞተር ሳይክል ፍሬን የተሠራው ለጥንት ፍጥነት ነው። ከጌዶ ወደ ባኮ የሚወርደውን መንገድ ያየ ሰው የሞተሩ ጉልበት ሲጨምር ፍሬኑ እንደማይጨምር ያስታውሳል። ሞተሩ መጀመሪያ በብረት መቆሚያ ላይ ታስሮ ይሠራ፤ ተርባይኑ ፊት ለፊት ማንም አይቁም፤ ሰው ጭኖ መንገድ ላይ መውጣት ከሁሉ በኋላ የሚታሰብ፣ ምናልባትም ጨርሶ የማይታሰብ ነገር ነው።

ማኅበራችንን የምጠይቀው ቱርቦ እንዲገዛ አይደለም። ቱርቦው ይቆየን። በዚህ ክረምት ወደ የአገራችን ስንበተን ሁለት ወይም ሦስት ሆነን፣ አንድ የከተማ መካኒክ አባብለን፣ አንዲት 200 ወይም 250 ሲሲ አሮጌ ሞተር እንለምን። ሞተሯን መቆሚያ ላይ አስረን በገመድ ፍሬንና በሚዛን ጉልበቷን እንለካ፤ ያንኑ መቆሚያ በጭነት መኪና ይዘን ባኮ ላይ፣ አምቦ ላይና ወንጪ ዳገት ላይ እንድገመው። ባሮሜትርና ቴርሞሜትር ከላቦራቶሪ በትውስት ይገኛል። ገመዱና ሚዛኑ ከገበያ ነው። የሦስቱን ቦታ ቁጥር በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በዚህች መጽሔት ላይ እናውጣው፤ ስሌቴ ስንት እጅ እንደሳተ ያኔ በቁጥር ትነግሩኛላችሁ። ለመኪናው የሚከፈለውን ከኪሴ ለማዋጣት ዝግጁ ነኝ፤ ሌላ ሁለት ሰው ይጨመርልኝ።