ማዘውተሪያውን ማን ያዘወትረዋል?

እንደሚታወቀው ባለፈው ወር እኛ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በሰፈራችን ያሉትን የስፖርት ማዘውተሪያ ስፍራዎችና የማህበረሰቡን የስፖርት ግንዛቤ እንድናጠና የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። የሁሉም ቡድን ውጤት ተጠቃሎ በሰልፍ ላይ ሲነበብ ሁላችሁም ሰምታችኋል። "በአካባቢያችን በቂ ማዘውተሪያ አለ፤ የማህበረሰቡ ግንዛቤ ግን ዝቅተኛ ነው" ተባለ፤ ተጨበጨበ። እኔ ጥናቱን ከሠሩት ልጆች አንዷ ነኝ። ወጥቼ ያየሁትና በማይክ የተነበበው ግን አንድ አልሆነልኝም። ስለዚህ ክበባችን ገጽ ስለሰጠኝ እያመሰገንኩ የታየኝን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ላልሰሙት የታች ክፍል ልጆች ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ ልንገራችሁ። የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ባለ አንድ ገጽ ቅጽ አባዝተው ሰጡን። ከላይ በኩል የቦታው ዓይነት፣ ስፋቱ፣ አጥር ያለው መሆኑና ያለበት ሁኔታ "ጥሩ፣ መካከለኛ፣ መጥፎ" ተብሎ ይሞላል። ከታች ደግሞ ለሰው የሚቀርቡ ጥያቄዎች አሉ። አራት አራት ሆነን ሰፈሩን ተከፋፈልን። የኛ ቡድን የደረሰው ከታክሲ መያዣው ጀምሮ ሽቅብ እስከ ዳገቱ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከእንጦጦ ሥር ስለሆነ ሜዳ የሚባል ነገር እንደ ልብ የለም፤ ኳስ አንዴ ካመለጠች ወንዝ ድረስ ነው የምትወርደው። መለኪያ ስላልነበረን ከአንድ ልብስ ሰፊ ሜትር ተውሰን ረጅም ሲባጎ ላይ በየሜትሩ ቋጠሮ አሰርንበት። በሱ ነው ሁሉንም የለካነው።

ያገኘነው አንድ የአፈር ኳስ ሜዳ፣ አንድ ሰው ሠራሽ ሣር የተነጠፈበት የታጠረ ትንሽ ሜዳ፣ ቀለበቱ የተነቀለ አንድ የቅርጫት ኳስ ምሰሶና ፎቅ ላይ ያለ ጂም ነው። ጆተኒ ቤቱ ይቆጠር አይቆጠር በሚል ደግሞ መንገድ ላይ ቆመን ተጨቃጨቅን። አንዱ የቡድናችን ልጅ "እጅ ይሠራል እኮ፣ ያልባል" ብሎ ሙጭጭ አለ። እኔ ደሞ ጆተኒ ከተቆጠረ የኛ ቤት ሙቀጫም ይቆጠር አልኩት። በመጨረሻ ጆተኒው ቀረ። እንግዲህ "በቂ ማዘውተሪያ አለ" የተባለው እያንዳንዱ ቡድን እንደዚህ የቆጠረው ተደምሮ ነው።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልግባ። ማዘውተር ማለት አንድን ነገር ደጋግሞ፣ ልማድ አድርጎ መያዝ ነው። ቡና ያዘወትራል እንላለን፣ ቅዳሴ ያዘወትራሉ እንላለን። ስለዚህ የስፖርት ማዘውተሪያ ማለት ሰው እየተመላለሰ ስፖርት የሚሠራበት ቦታ ነው እንጂ በሲባጎ የሚለካ መሬት ብቻ አይደለም። ቅጹ ላይ ግን "ማን ያዘወትረዋል? በስንት ሰዓት?" የሚል ጥያቄ የለም። ይህን ለመምህራችን ስነግራቸው "እሺ፣ ራስሽ ጨምሪያ!" አሉኝ። አልተቆጡም፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። እኔና ጓደኛዬ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ ሁለት ቀን ደግሞ ከትምህርት በኋላ ቁጭ ብለን አየን።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በአፈር ሜዳው ትልልቅ ወንዶች ይጫወታሉ። በብር ተወራርደው ስለሚጫወቱ ትንሽ ልጅ ከገባባቸው ይጮሁበታል። ረፋድ ላይ መኪና መንዳት የሚለማመዱ ሰዎች መጡና ሜዳው አቧራ በአቧራ ሆነ። ከሰዓት በኋላ የሰፈር ወንዶች ልጆች ገቡ። ሴት ልጅ ስትጫወት ግን በሦስቱም ቀን አንድም አላየንም። አይ፣ አንዲት አይተናል፤ 3ኛ ክፍል የምትሆን ልጅ ናት። እሷም የወንድሞቿን ጃኬትና ጫማ ታቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። "ምን ትሠሪያለሽ?" ስንላት "እጠብቃለሁ" አለችን። ጓደኛዬ "ልብሱን ነው ወይስ ተራሽን?" ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ጥያቄው ራሱ አልገባትም።

ሰው ሠራሽ ሣር ያለው ሜዳ ቅጹ ላይ "ጥሩ" ተብሎ የተሞላ ብቸኛው ቦታ ነው። እውነት ነው፣ ጥሩ ነው፤ የማታ መብራትም አለው። ግን በሰዓት ይከፈላል፤ ልጆች አዋጥተው ነው የሚገቡት። ዋጋው ቀንና ማታ ስለሚለያይ አልጽፈውም፣ ለኛ ክፍል ልጅ ግን የአንድ ሰዓቱ መዋጮ የሳምንት የዳቦ ብር ነው። ጂሙም በወር ነው የሚከፈለው። እኛ ከታች ሆነን ሙዚቃውን ብቻ እንሰማለን።

ግንዛቤ የሚባለው ነገር ደግሞ ይብሳል። ቅጹ "ስፖርት ለጤና እንደሚጠቅም ያውቃሉ?" ይላል። እኛ የጠየቅናቸው ሰዎች በሙሉ አዎ ብለዋል፤ አላውቅም ያለ አንድም ሰው የለም። ታዲያ ግንዛቤው እንዴት ዝቅተኛ ሆነ? ቀጥሎ "በሳምንት ስንት ቀን ይሠራሉ?" የሚል አለ። እዚያ ላይ ብዙው ሰው ምንም ስላለ ግንዛቤ የለውም ተብሎ ተደመረ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ይካሄዳል፤ በሰፈራችን ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ቲሸርቱን ማየት ብርቅ አይደለም። እኛስ ብንሆን? ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታመጣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ መሆኗን በየጥያቄና መልስ ውድድሩ እንጠየቃለን፣ እንመልሳለን፣ ደብተር እንሸለማለን። ደራርቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የሚሮጡበት ቦታ ማግኘት ሌላ ነው።

ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት ጠይቀን ነበር። "ልጄ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ገበያ ወርጄ ተሸክሜ እመጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ነው። ይሄ ስፖርት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?" አሉን። የቡድናችን ጸሐፊ ዝም ብሎ "ምንም" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። እዚያ ላይ በጣም ነው የተናደድኩት። በክፍል እንደተማርነው የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል፤ የሥራ እንቅስቃሴና የእግር ጉዞም ይቆጠራሉ። በዚህ ስሌት እኚህ እናት የሳምንቱን በሁለት ቀን ሳይጨርሱት አይቀሩም። የጎደላቸው የታጠፈ ወገባቸውን የሚያፍታቱበት ቦታና ጊዜ ነው። ስፖርት ይጠቅማል የሚል ፖስተር ብንለጥፍላቸው ምን ያደርግላቸዋል?

ሌላው ስኳር ያለባቸው አንድ አባት ናቸው። ሐኪም በየቀኑ በእግር እንዲሄዱ አዟቸዋል። ጠዋት በጨለማ ሲወጡ ውሻ አለ፣ ሲነጋ ደሞ መኪና አለ፣ የእግረኛው መንገድ ላይ አሸዋና ድንጋይ ተከምሯል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው የሚዞሩት። "ጸሎቱም ስፖርቱም ባንድ ላይ" ብለው ሳቁብን። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን "መንገድ ለሰው" እየተባለ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሰው በነጻነት እንዲንቀሳቀስ ይደረግ እንደነበር ነገርናቸውና ለምን አይሄዱም አልናቸው። "በእግሬ ለመሄድ ታክሲ ልሳፈር?" አሉን። መልስ አልነበረንም።

ቦታውን ቆጥሮ ሰውን አለመቁጠር ምን እንደሚያመጣ ጃን ሜዳን ማየት ይቻላል። ጃን ሜዳ ለኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ጥምቀት ይከበርበታል፣ የአገር አቋራጭ ሩጫ ውድድር ሲካሄድበት ኖሯል፣ ጠዋት ጠዋት ሰው ሶምሶማ ይሮጥበታል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛወረ። ጊዜው የችግር ስለነበረ በዚህ አልፈርድም። ገበያው የተነሳው በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ነው። ጥምቀት ቀኑ የታወቀ ነው፣ የሚጠይቅለት ብዙ ሕዝብ አለው። ጠዋት ተነስቶ የሚሮጥ ሰው ግን የተጻፈ ቀን የለውም፣ ስሙም የትም አልተመዘገበም። ማን እንደሚያዘወትረው ያልታወቀ ሜዳ ባዶ ይመስላል፤ ባዶ የመሰለ ቦታ ደግሞ ቶሎ ሌላ ነገር ይሆናል። የኛ የአፈር ሜዳ ጥጉ ላይ ካሁኑ ጠጠር መደፋት ጀምሯል። ቅጹ ላይ ግን "መካከለኛ" ተብሎ ታልፏል።

እስካሁን ያልጠቀስኩት አንድ ሜዳ አለ፤ እሱም የራሳችን ነው። ቅጹ "ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉ" ስለሚል ማንም ቡድን አልቆጠረውም። ያቺ ትንሽ ልጅ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ሆኖ በአጥሩ በላይ የኛ የመረብ ኳስ ምሰሶዎች ይታያሉ። ቅዳሜና እሁድ በሩ ቁልፍ ነው። የሰልፍ ሜዳችንን በዚያው ሲባጎ ለካነው። አንድ የመረብ ኳስ ሜዳ የሚፈልገው 18 ሜትር በ9 ሜትር ነው፤ የኛ ሜዳ ሁለቱን ጎን ለጎን ይችላል፣ ዙሪያውን ለመራመጃ የሚሆንም ይተርፋል። የሰፈሩ ደልዳላ መሬት እኛ ጋ ነው ያለው ማለት ነው።

ለኛ ዕድሜ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ተብለናል። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ ልብስ ቀይረን፣ ተሰልፈን፣ ሰውነት አሟሙቀን ሲያልቅ ለጨዋታ የሚቀረውን እናንተው ታውቁታላችሁ፣ ያውም ለአንድ ክፍል ተማሪ በአንድ ኳስ። ወንዶቹ የጎደለውን ሰፈር ሄደው ያሟሉታል። እኛ ሴቶች ቤት ስንደርስ ውሃ መቅዳትና ሊጥ ማቡካት ይጠብቀናል (በጉሊቷ እናት አቆጣጠር ይሄም ስፖርት ነው)።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የትምህርት ቤታችን በር ለሰፈሩ ይከፈት። ቅድሚያው ለሴት ልጆች፣ ለእናቶችና ዙሪያውን በእግር መሄድ ለሚፈልጉ ትልልቅ ሰዎች ይሁን። ወንዶች አትቆጡ፤ አሁንም ዝግ ስለሆነ የሚወሰድባችሁ ነገር የለም።

መስታወት ይሰበራል የሚል መምህር እንደሚኖር አውቃለሁ። የጠየቅኩት መረብ ኳስ ነው፣ እግር ኳስ አይደለም፤ ምሰሶዎቹም ከክፍሎቹ ራቅ ያሉ ናቸው። ከዚህ ይልቅ የከበደኝ በር ላይ ያሉት ጋሼ የነገሩኝ ነው። "በር መክፈት አይከብደኝም፤ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለው ነው የሚከብደኝ። የቧንቧ ቆብ የጠፋ ጊዜ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በሳቸው ላይ ሌላ ሸክም ጭነን እኛ ብንጫወት ደስ አይልም። ስለዚህ ከስፖርት ክበብ ሁለት ሁለት ተማሪ በተራ በር ላይ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ይመዝግብ፣ ቧንቧውና ቤተ መጻሕፍቱ ያሉበት በኩል በገመድ ይከለል፣ ከወተመህ አንድ ወላጅ እየተቀያየረ ይገኝ። መምህራንን ቅዳሜ ኑ አልልም፣ ብዙዎቻችሁ እረፍታችሁ ነው፣ የምትማሩም አላችሁ። የስም መዝገቡ ደግሞ ለሌላም ይጠቅማል፤ ቅጹ ላይ ያልነበረው ጥያቄ እዚያ ላይ ራሱ ይመለሳል።

"እናቶች አይመጡም፣ ትለፊያለሽ" ያሉኝ ልጆች አሉ። ሊሆን ይችላል። በሩ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ተከፍቶ ካልመጡ ያኔ ግንዛቤ የላቸውም ብላችሁ ጻፉ። አሁን ግን ዝግ በር ላይ ቆመን ለምን አልገቡም ማለት አንችልም።

ለርዕሰ መምህራችንና ለወተመህ የምናስገባውን ማመልከቻ ጽፈን ሚኒ ሚዲያ ክፍል አስቀምጠነዋል። መፈረም የሚፈልግ በእረፍት ሰዓት ይምጣ፤ የታች ክፍል ልጆችም ስማችሁን መጻፍ ትችላላችሁ። ሌላው የመረብ ኳሱ መረብ ሁለት ቦታ ላይ ተቀዷል። የኛ ሲባጎ ቋጠሮ ስለበዛበት ለመስፋት አይሆንም። ቤቱ ጠንካራ ክር ያለው ሰው ካለ እስከ አርብ ድረስ ለ7ኛ "ለ" ክፍል ያምጣልን።