የጣና ነጭ ዓሣ ሌላ አገር የለውም



እኛ «ነጭ ዓሣ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው የጣና ዓሣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሊቃውንት መርምረው ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ለይተዋል። አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶ ስላኖራቸው፥ በዚሁ ሐይቅ ውስጥ መልካቸውና አመጋገባቸው እየተለያየ ሄደ። ከእነርሱም ስምንቱ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው።

ታዲያ ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ እንቁላላቸውን በሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፥ ርብ፥ መገጭና ግልገል ዓባይ ሽቅብ ይወጡና ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ይጥላሉ። ያ ጠጠርና አሸዋ ግን ለቤት መሥሪያ ይዛቃል። በወንዙም አፍ ላይ መረብ ይዘረጋል። በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ ወዲህ፥ በ1990ዎቹ የሚያዘው ነጭ ዓሣ ወደ ሩብ ገደማ እንደ ወረደ ጥናት አሳይቷል።

አጎቴ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ደብተሬም የደንብ ልብሴም የተገዛው በነጭ ዓሣ ዋጋ ነው። ባለፈው ክረምት አብሬያቸው ወደ ወንዝ አፍ ሄጄ ነበር። መረቡን ስንስብ የዓሦቹ ሆድ በእንቁላል ተወጥሮ አየሁ።

«ጋሼ፥ እነዚህን ብንተዋቸው ለከርሞ አይበዙም?» አልኋቸው።

«ልጄ፥ እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይይዘዋል» አሉኝ።

ያን ቀን መልስ አጣሁ። ዛሬ ግን መልሱ ይህ ይመስለኛል፤ አንዱ ትቶ ሌላው የሚይዝ ከሆነ ጉዳቱ በደጉ ሰው ላይ ብቻ ይወድቃል፤ ስለዚህ ክልከላው ለሁሉም እኩል መሆን አለበት። ሕግ የለም አይባልም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። የቀረው መፈጸሙ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሰው ሳይጠግብ ለዓሣ ይታዘናል?» ይሉኛል። እኔ ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ አላልሁም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹ አፍ ብቻ ከመረብ ይጠበቅ፤ ዓሣው የሚጥልበትን ጠጠር አጥማጆቹ ያውቁታልና እነርሱ አመልክተው አሸዋ ዛቂ አይድረስበት። በእነዚያ ወራት የሚጎድለውንም ገቢ አጥማጁ ብቻውን ይሸከም ማለት ፍርድ አይደለም፤ መንግሥትም ከተማውም ሊያግዙት ይገባል። እኛም በክረምት እንቁላል ያዘለ ነጭ ዓሣ አንግዛ። ቤት የምትሠሩ ወላጆቻችንም አሸዋው ከየት እንደ መጣ ጠይቁ።

ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። መዝገብ ግን ብቻውን ዓሣ አያድንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ ጎረቤታሞች መረባቸውን በአንድ ቀን ቢያነሡ አጎቴም ያነሣሉ።