ቀለሙ ታደሰ፤ በሩስ?

«ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ይላሉ አበው። የክፍት ምንጭ ፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ድረ ገጻቸውን ሲያድሱ የሚያቀርቡት ምክንያት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ያረጀ ገጽ ያየ ጀማሪ ቋንቋውም ያረጀ ይመስለዋል፤ ዘግቶት ይሄዳል። እዚህ ድረስ እንስማማለን። የእኛ ጥያቄ ካማረ በኋላስ የሚል ነው።

እስቲ ሁለት ቋንቋዎችን እንይ (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ፓይተን ለመጀመሪያ ጊዜ የተለቀቀው በ1991 ነው። ድረ ገጹ በ2014 እንደ አዲስ ሲሠራ፣ የተሠራው በራሱ በፓይተን በተጻፈው ጃንጎ ነበር። እኛን ደስ የሚለን ግን ፊተኛው ገጽ ላይ ያስቀመጧት ትንሽ ቁልፍ ናት። ጎብኚው እሷን ነክቶ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ሳይጭን፣ እዚያው ኮድ ጽፎ ውጤቱን ማየት ቻለ።

ረስት ደግሞ በ2018 ገጹን ሲቀይር በተቃራኒው ሄደ። የቀድሞው ገጽ እዚያው የሚሞከር አጭር የኮድ ናሙና ነበረው። አዲሱ ናሙናውን አንስቶ ስለ ቋንቋው ጥቅም የሚናገሩ ትልልቅ ጽሑፎችን ደረደረ። በብዙ ቋንቋዎች ይነበብ የነበረው ገጽ ሲጀምር እንግሊዝኛ ብቻ ሆነ፤ ትርጉሞቹ የተመለሱት ኋላ ነው። ብዙ ተጠቃሚዎች ቅር ተሰኙ።

የአዘጋጆቹ ሐሳብ ከንቱ ነበር አንልም። ገጹን የሚከፍተው ኮድ ጸሐፊ ብቻ አይደለም፤ ለመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ የሚመርጥ አለቃም ይከፍተዋል። ነገር ግን እኛ ዜና ስንጽፍ ዋናውን ነገር ከላይ እናስቀምጣለን። የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ዋናው ነገር ደግሞ ኮዱ ነው። እሱን ደብቆ ስለ እሱ ማውራት ምን ይሉታል?

ነገሩ የፈረንጅ ጭቅጭቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በሜጋባይት ፓኬጅ እየገዛ ኮድ የሚማር ልጅ አለ። ግዙፍ ምስልና የሚንቀሳቀስ ጌጥ ሒሳቡን ይበላበታል። የፓይተንን መማሪያና ማብራሪያ ግን አንዴ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይችላል። ለእኛ ዘመናዊነት ይሄ ነው።

ሌላም አለ። «ዋጋ = 50» ብላችሁ በግዕዝ ፊደል ብትጽፉ ፓይተን 3 ያለ ምንም ማንገራገር ይቀበላችኋል። መማሪያው በፈረንሳይኛ፣ በጃፓንኛና በኮሪያኛ የሚነበበው ፈቃደኞች ተቀምጠው ስለተረጎሙት ነው። ለትርጉም ሥራው በ2017 ደንብ ወጥቶለታል። የድረ ገጹ ኮድም ቢሆን ለማንም ክፍት ነው።

እንግዲህ ኮድ የምታውቁ፣ አማርኛም የማያቅታችሁ ልጆች፣ ቀለሙን ለዲዛይነሮቹ ተዉላቸው። እናንተ ከመማሪያው የመጀመሪያ ምዕራፍ ጀምሩ። እንግሊዝኛው ስላስፈራው ብቻ ገና ከደጃፉ የሚመለስ ስንት ጎበዝ ልጅ እንዳለ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።