የእጅ ሙያ፦ የእንጨት ጋሪን ከዝናብ ማዳን

የዛሬው ትምህርታችን ሣጥን ስላለው የእንጨት ጋሪ ነው። በጎሮ፣ በኮተቤ፣ በቦሌ ቡልቡላና በሌሎችም ሰፈሮች በእንዲህ ያለ ጋሪ ሠርቶ የሚያድር ሰው አለ። ጋሪው ለባለቤቱ ሱቅ ነው፤ መጋዘን ነው፤ የልጆች ደብተርና እርሳስ ነው። ጋሪ በሰበሰ ማለት የቤቱ ገቢ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ እንጨቱ እንዴት እንደሚደፈንና እንደሚቀባ እንማር።

ዝናቡና ፀሐዩ

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። 1,000 ሚሊ ሜትር አንድ ሜትር ነው። የዓመቱ ዝናብ ሳይፈስና ሳይሰርግ በአንድ ቦታ ቢጠራቀም የሰው ወገብ ይደርሳል። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በበልግም ይዘንባል።

ፀሐዩም አይናቅም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በደጋ የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ያልተቀባ እንጨት ያመደዋል፤ ያሻክረዋል፤ ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁ ደግሞ ውኃ ይገባል።

እንጨት ውኃ የሚጠጣው በየት ነው?

ዛፍ በሕይወት ሳለ ውኃን ከሥሩ ወደ ቅጠሉ የሚያሳልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። አንድ እፍኝ የስንዴ አገዳ በአንድነት ታስሮ አስቡ። በጎኑ ውኃ ብታፈሱበት አብዛኛው ይወርዳል። በጫፉ ውኃ ውስጥ ብታቆሙት ግን ውኃው በቀዳዳዎቹ ይገባል። ጣውላም እንዲሁ ነው። በመጋዝ የተቆረጠው ጫፉ ከጎኑ ይልቅ ብዙ ይጠጣል። ጋሪ መበስበስ የሚጀምረው በመሐሉ ሳይሆን በማዕዘኑና በመገጣጠሚያው የሆነው ለዚህ ነው።

እንጨትን የሚያበሰብሰው ውኃው ራሱ አይደለም። ፈንገስ የሚባል ሕይወት ያለው ነገር ነው። ፈንገስ እርጥበት ካላገኘ አያድግም። በ10 ኪሎ ደረቅ እንጨት ውስጥ ያለው ውኃ ከ2 ኪሎ በታች ከሆነ እንጨቱ አይበሰብስም። ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው። አንደኛው ውኃ እንዳይገባ መከልከል ነው። ሁለተኛው የገባው ውኃ መውጫ እንዳያጣ ማድረግ ነው።

እስቲ አንድ ወጣት አናጢና አንዲት ዳቦ ሻጭ ሲነጋገሩ እንስማ።

— እንደምን ዋሉ እትዬ? ጋሪውን ልቀባልዎ መጣሁ።

— እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። በል ቶሎ ቀባልኝ። ትናንት ዝናብ ደብድቦት አድሯል።

— ትናንት ዝናብ ከመታውማ ዛሬ አይቀባም።

— ምነው? ቀለም ውኃ ይከለክል የለም እንዴ?

— ከውጭ የሚመጣውን ይከለክላል፣ እትዬ። ውስጥ ያለውንም እንዳይወጣ ያፍነዋል። የታፈነው ውኃ ፀሐይ ሲመታው ቀለሙን ያሳብጠዋል። ከዚያ ይላጣል።

— ታዲያ መድረቁን በምን እናውቃለን?

— ከጥላ ሥር አውጥተን እናድርቀው። ከዚያ ቁራጭ ላስቲክ በጣውላው ላይ እናድርግና ዙሪያውን በፕላስተር እንለጥፈው። ፀሐይ ሲመታው ውሎ ከላስቲኩ ሥር ላብ ከታየ ገና ነው።

— የተቃጠለ ዘይት ብንቀባውስ? ጎረቤቴ የአጥሩን እንጨት ቀብቶ ምስጥ አልነካውም።

— እሱ ለጋሪ አይሆንም። የሞተር ዘይት አይደርቅም፤ በላዩም ቀለም አይዝም። ደግሞ ከሞተሩ የወጣ ጎጂ ነገር አለበት። ዳቦ የሚቀመጥበትን እንጨት መንካት የለበትም።

አናጢው ትክክል ተናግሯል። አሁን ሥራውን በየተራ እንመልከት።

አንደኛ፣ መመርመር። በወስፌ ወይም በቢላ ጫፍ ማዕዘኖቹን፣ ወለሉንና ከጎማው በላይ ያለውን ጣውላ ውጉ። ጫፉ ያለ ችግር ጥልቅ ካለ እንጨቱ በስብሷል። የበሰበሰ እንጨት በቀለም አይድንም። ተቆርጦ ይወጣና ደረቅ እንጨት ይተካበታል። ጽድ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ መበስበስንና ምስጥን ይቋቋማል። ባሕር ዛፍ በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን እርጥቡ ከተመታ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ይሰነጠቃል። አስቀድሞ በጥላ ይድረቅ።

ሁለተኛ፣ መፋቅ። የተላጠው ቀለም ሁሉ ይነሣ። ከዚያ እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ። አቧራው በጨርቅ ይጠረግ። በአቧራ ላይ የተቀባ ቀለም ከአቧራው ጋር ይረግፋል።

ሦስተኛ፣ መድፈን። የምስማሩን ራስ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገቡትና በስቱኮ ድፈኑት። አለዚያ ይዝጋል፤ ዝገቱም በቀለሙ ላይ ይወርዳል። ትንንሽ ስንጥቆችም በስቱኮ ይደፈናሉ። ስቱኮ ግን ሲደርቅ ድርቅ ያለ ነው። ጋሪው ሲንገጫገጭ በሚነቃነቅ መገጣጠሚያ ላይ ይፈነከታል። ለዚያ ቦታ የሚሆነው እንደ ላስቲክ የሚሳበው ሲሊኮን ነው። ልብ በሉ፤ በሲሊኮን ላይ ቀለም አይዝም። ስለዚህ መጀመሪያ ይቀባል፤ ሲሊኮኑ የሚገባው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው።

አራተኛ፣ ማጠጣት። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። ባለሙያዋ በጎመን ዘር እያሸች ታሟሸዋለች፤ ዘይቱም በሙቀት ደርቆ የሸክላውን ቀዳዳ ይሞላል። እንጨትም መሟሸት ይወዳል። ለእንጨት የሚሆነው የተልባ ዘይት ነው፤ አየር ሲያገኝ ይደርቃልና። የፓልም ዘይት ግን አይደርቅም፤ እንደ ራሰ ይቀራል። የተልባውን ዘይት በስሱ ቀቡት። የተቆረጠው ጫፍ እስኪጠግብ ደጋግሞ ይጠጣ። የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ። ጣት ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ብዙ ቀን ሊፈጅ ይችላልና አትቸኩሉ።

እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ክብሪት ሳይነካው ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ጨርቁን ከቤት ውጭ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት። ወይም ውኃ ባለበት፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት።

አምስተኛ፣ መቀባት። ጧት ጤዛው ከረገፈ በኋላ ጀምሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ አየሩ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ግን ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ መቀባት አይበጅም። የመጀመሪያው ቅብ ቀጠን ብሎ ወደ እንጨቱ ይግባ። ማቅጠኛው ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ይሁን። ቤንዚን አትጨምሩ፤ እሳት ይጠራል። አንድ ወፍራም ቅብ ከላዩ ደርቆ ከውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ወይም ሦስት ስስ ቅብ ይሻላል። በየመካከሉ ቆርቆሮው የሚያዘውን ሰዓት ጠብቁ።

ሰው የሚያየው ጎኑን ነውና ብዙዎች ጎኑን አሳምረው ሆዱን ይረሱታል። ጭቃውን የሚጠጣው ግን ሆዱ ነው። ጋሪውን ገልብጣችሁ ከሥሩ ቀቡ። በወለሉ ማዕዘን ውኃ የሚወርድበት ትንሽ ቀዳዳ ተዉ፤ የቀዳዳውንም ውስጥ ቀቡት። የጣሪያው ቆርቆሮ ከጎኑ ጥቂት ጣት ወጣ ይበል። ነጣ ያለ ቀለም ሙቀት ይመልሳል፤ ጥቁር ቀለም ግን ሙቀት ይስባል፤ እንጨቱም ቶሎ ይሰነጠቃል።

በቀለም ውስጥ ያለው መርዝ

ሊድ የሚባል ብረት አለ። ቀለም እንዲደምቅና ቶሎ እንዲደርቅ ፋብሪካዎች ይጨምሩት ነበር። ሊድ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለውም ይላል። ጉዳቱ የታወቀው ቀድሞ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ቀለም ቀቢዎችን ከነጭ ሊድ ለመጠበቅ ስምምነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አውጥቷል። በደንቡ መሠረት በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ መብለጥ የለበትም። ይህም በ100 ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ 9 ግራም ማለት ነው።

ከዚያ በፊት የተቀባ አሮጌ ጋሪ ወይም በር ግን ሊድ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ቀለም ስትፍቁ ውኃ እያርከፈከፋችሁ ፋቁ፤ አቧራው አይነሣም። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ልጆችና እርጉዝ ሴቶች ይራቁ። ከሥር ላስቲክ አንጥፉና ፍቅፋቂውን ሰብስቡ። ፍቅፋቂውንም ሆነ አሮጌውን እንጨት አታንድዱት፤ በተለይ እንጀራ በሚጋገርበት ምድጃ። ሥራው ሲያልቅ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የሥራውን ልብስም ለብቻው እጠቡ።

አዲስ ቀለም ስትገዙ ቆርቆሮውን አዙራችሁ አንብቡ። ሊድ የሌለበት መሆኑን፣ የተሠራበትን ቀን፣ ማቅጠኛውንና የሚደርቅበትን ሰዓት ፈልጉ። ጽሑፍ የሌለበትን ወይም ወደ ሌላ ዕቃ የተገለበጠ ቀለም አትግዙ። ዳቦ የሚነካውን የሣጥኑን ውስጥ ደግሞ ባትቀቡት ይሻላል። ንጹሕ ጣውላ ይሁንና በሚታጠብ ጨርቅ ይሸፈን።

አዳዲስ ቃላት

መገጣጠሚያ — ሁለት ጣውላዎች የሚገናኙበት ቦታ።
ስቱኮ — ስንጥቅ የሚሞላ፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ልቁጥ።
ማቅጠኛ — ወፍራም ቀለምን የሚያሳሳ ፈሳሽ።
ማሟሸት — አዲስ ዕቃን ለሥራ ማለማመድ።

አንብባችሁ መልሱ

1. ዝናብ የመታው ጋሪ በማግስቱ የማይቀባው ለምንድን ነው?
2. ቀለምና ሲሊኮን፣ የቱ ይቀድማል?
3. የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ምን ታደርጉታላችሁ?
4. በቤታችሁ ካለ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ሦስት ነገር አንብባችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ቆርቆሮ ከሌለ ከጎረቤት ተዋሱ፤ ለባለቤቱም አንብቡለት።