የመኪና ቤት የሰው መኝታ ሲሆን

ሰው ከሚተኛበት ክፍል የሚፈልገው ነገር ብዙ አይደለም፤ ንጹሕ አየር፥ ደረቅ ወለል፥ ከነፍሳት የተጠበቀ አልጋ፥ ከመጥፎ ሽታም የራቀ ቦታ ነው። መኪና ግን ከእነዚህ አንዱንም አይፈልግም። ስለዚህ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ቤት ለሰው መኝታ ይሁን በተባለ ጊዜ ከሥር እስከ ላይ ሌላ ቤት መሆን ይገባዋል እንጂ፥ ግድግዳውን ቀለም ቀብቶ አልጋ በማግባት ብቻ ለውጡ ተፈጸመ ሊባል አይቻልም።

አዋሽ የባቡር ሐዲድ የወለደው ከተማ ነው፤ ሰመራም በጂቡቲ መንገድ ዳር የቆመ፥ የክልሉን መዲናነት ከአሳይታ የተረከበ አዲስ ከተማ ነው። የሁለቱም ኑሮ ከመጓጓዣ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ አቅም ያለው ሰው ግቢውን ሲሠራ ለመኪናው፥ ወይም አንድ ቀን እገዛዋለሁ ብሎ ለሚያስበው መኪና፥ ሰፊ የብረት በር ያለው ቤት ይሠራል። በኋላ ግን ልጆች ሲያድጉ፥ ዘመድ ሲመጣ፥ ወይም ወደ ከተማው የተዛወረ መምህር የሚከራይ ክፍል ሲፈልግ የባለቤቱ ዓይን በዚያ ቤት ላይ ያርፋል።

ባለቤቱ በዚህ አሳብ ሊነቀፍ አይገባውም። ባዶውን የቆመ ጣራና ግድግዳ የሰው ማደሪያ ማድረግ ቁም ነገር ነው፤ ክፍሉ የራሱ መጸዳጃና መታጠቢያ እንዲኖረው መፈለግም ለበሽተኛ፥ ለአራስና ለሽማግሌ ትልቅ እፎይታ ነው። እኔ የምቃወመው የሥራውን አጀማመር ነው። ሥራው ከሴራሚክና ከመስታወት ይጀመርና በመጨረሻ የሚታሰበው ጉድጓዱ ይሆናል። ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር፥ ቱቦውም በየት በኩል እንደሚሄድ በወረቀት ላይ ሳይነደፍ አንድ ብሎኬት እንኳ መገዛት የለበትም። ጉድጓዱ ተገቢ ቦታ ካጣም መጸዳጃው ይቅር፤ ክፍሉ መኝታ ብቻ ይሁን፥ ተኝቶ የሚያድረውም ሰው እንደ ቀድሞው ወደ ጓሮ ይሂድ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት እንዲህ ያለ ክፍል እንዳይ ተጋብዤ ነበር። ተከራዩ ወጣት መምህር ነው፤ አከራዩ ደግሞ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ ያሳለፉ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። ነጩን ሴራሚክና የሚያብለጨልጨውን ቧንቧ በደስታ አሳዩኝ፤ በእርግጥም ሥራው ያምራል። ነገር ግን የብረቱ በር የነበረበት ቦታ እስከ ላይ በብሎኬት ተደፍኖ፥ መስኮት ተብላ የቀረችው ከራስ በላይ ያለች የደብተር ስፋት የምታህል ቀዳዳ ናት። መጸዳጃውን ከአልጋው የሚለየው እስከ ወገብ የቆመ ግንብና መጋረጃ ነው። ‹‹ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል?›› ብዬ ብጠይቅ፥ ወደ ደጅ ወጥተው ከመንገዱ በር አጠገብ አዲስ የተለሰነ ቦታ አመለከቱኝ። ‹‹የውሃ ማጠራቀሚያዎስ?›› አልኳቸው። አራት እርምጃ ያህል ራቅ ብለው በመሬት ውስጥ የተቀበረውን ማጠራቀሚያ ክዳን በእግራቸው መታ መታ አደረጉት። መምህሩ እስከዚያ ዝም ብሎ ነበር፤ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ‹‹ጋሼ፥ እውነቱን ልንገርዎ፤ እኔ ሌሊቱን አልጋዬን ግቢ አውጥቼ ነው የማድረው፤ ክፍሉ የመጻሕፍቴ ማስቀመጫ ሆኗል›› አለኝ።

እኚህ ሰው ጉድጓዱን እዚያ የቆፈሩት ክፉ አሳብ ኖሯቸው አይደለም፤ የመኪና ቤት ጠባይ ወደዚያ ስለ ገፋቸው ነው። የመኪና ቤት ብዙውን ጊዜ በግቢው ፊት፥ በመንገድ በር አጠገብ ይሠራል፤ የቀድሞው መጸዳጃና ጉድጓዱ ግን በጓሮ ናቸው። ደግሞም መኪናው ያለ ችግር እንዲገባ ወለሉ ከዋናው ቤት ወለል ዝቅ ይላል፤ ውሃ እንዲፈስም ወደ በሩ ያዘነብላል። ፍሳሽ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የመጸዳጃ ቱቦ በያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መሄድ አለበት፤ ጉድጓዱ 15 ሜትር ቢርቅ ቱቦው ከመነሻው እስከ መድረሻው 30 ሳንቲ ሜትር መውረድ ይኖርበታል ማለት ነው። ይህ ቁልቁለት የሚገኘው ቱቦውን በጥልቅ በመቅበር ወይም የክፍሉን ወለል ከፍ በማድረግ ነው። ወለሉን ከፍ ማድረግ ከመንገድ የሚመጣውን የዝናብ ጎርፍም ከአልጋ ያርቃል፤ ሆኖም ጣራው ዝቅተኛ ከሆነ ወለሉ ከፍ ባለ መጠን የቆርቆሮው ሙቀት ወደ ራስ እንደሚቀርብ አይዘንጋ። ቱቦው በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ከውጭ የሚከፈት መፈተሻ ይደረግለት፤ የተደፈነን ቱቦ ለማግኘት ሴራሚክ ሲሰበር አይቻለሁ።

ሴፕቲክ ታንክ የሚባለው ተራ ጉድጓድ አይደለም። ውሃ በማያሳልፍ ግንብ የሚሠራ፥ ሁለት ክፍል ያለው ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል ከባዱ ነገር ይዘቅጣል፥ ቅባቱ ይንሳፈፋል፤ በመካከል ያለው ውሃ ወደ ሁለተኛው ያልፍና ከዚያ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሄዳል። ያ ውሃ ለዓይን የጠራ ቢመስልም ጀርም የሞላበት ስለ ሆነ፥ ማስረጊያው ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ያህል እንዲርቅ የጽዳት ባለሙያዎች ይመክራሉ። በጠባብ የከተማ ግቢ ይህ ርቀት ከየት ይገኛል ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፥ አይገኝም። እንዲህ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ስፍራውን ይልቀቅ፤ የውሃ ማጠራቀሚያው ከመሬት በላይ በማማ ላይ ይውጣ። የተቀበረ ማጠራቀሚያ ሲሰነጠቅ ውሃው ወደ ውጭ መፍሰሱ ብቻ አይደለም፤ በጎደለ ጊዜ በዙሪያው ያለው እርጥበት ወደ ውስጥ ይገባል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ከጤና መኰንኑና ከነርሷ ጋራ የጽዳት ባለሙያውን አብሮ ማሠልጠኑ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከመቀመጫው፥ ከእጅ መታጠቢያውና ከወለሉ ማፍሰሻ ሥር ሲፎን የሚባለው ጠማማ ቱቦ ይደረጋል። በውስጡ የሚቀረው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ የጉድጓዱን ሽታ የሚከለክል መዝጊያ ነው። በደጋ አገር ይህ ውሃ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በሰመራ ግን ፈጥኖ ይደርቃል። መምህር ለክረምት ዕረፍት ሄዶ ሲመለስ ክፍሉ ሸቶ የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የቀረ ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ በየማፍሰሻው አንድ ጣሳ ውሃ ቢያፈስ ይበቃል። ክፍል ለመከራየት የሚሄድ ሰውም ሴራሚኩን ከማድነቁ በፊት በሩን ዘግቶ ጥቂት ይቁምና አፍንጫውን ያማክር።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። በዚህ በረሃ ከእኛ በፊት ቤት የሠሩ ሰዎች አሉ። የአፋር ሴቶች የሚተክሉት ዳቦይታ ከጎበጠ እንጨትና ከሰሌን የሚሠራ ስለ ሆነ ነፋስ ያስገባል፤ የቀኑንም ሙቀት ሌሊት አያቆየውም። የብሎኬት ግድግዳ ግን ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት በተኛው ሰው ላይ ይተፋዋል። ዳቦይታን በንቀት የሚያይ የከተማ ሰው በተደፈነ የመኪና ቤት ውስጥ አንድ የግንቦት ሌሊት ይደር።

3 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ክፍል ወለሉ 18 ካሬ ሜትር ነው፤ የመስኮት ስፋት ከወለሉ ከአሥር አንድ እጅ አይነስ የሚለውን የቆየ ልክ ብንከተል ወደ 2 ካሬ ሜትር የሚጠጋ መስኮት ያስፈልገዋል፤ ለበረሃ አገር ይህም ጥቂት ነው። ነፋስ የሚያልፈው መግቢያና መውጫ ሲያገኝ በመሆኑ ሁለት መስኮት ፊት ለፊት ይሁን። የብረቱ በር የነበረበት ስፍራ እግዜር የሰጠው የመስኮት ቦታ ነው፤ እርሱን ሙሉ በሙሉ መድፈን ትልቅ ስሕተት ነው። መታጠቢያ ቤቱም እስከ ኮርኒስ የደረሰ ግድግዳ፥ የሚዘጋ በርና በቀጥታ ወደ ውጭ የሚከፈት የራሱ መስኮት ይኑረው።

ማቀዝቀዣ ካስገባሁ መስኮት ምን ያደርግልኛል የሚል ሰው አለ። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ማቀዝቀዣ ያንኑ የክፍሉን አየር ደጋግሞ ያቀዘቅዛል እንጂ አዲስ አየር ከውጭ አያመጣም። መብራትም ይጠፋል፤ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሣል። ከጀነሬተር፥ ከመኪና ሞተርና ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ስለዚህ ቤቱን በቀጭን ግድግዳ ከፍሎ ግማሹን ለመኪና ግማሹን ለመኝታ ማድረግን ፈጽሞ አልደግፍም። ዘይትና ናፍጣ የጠጣው አሮጌ ወለልም በላዩ ሴራሚክ ስለ ተነጠፈበት ሽታው አይጠፋም፤ የተበከለው ሊሾ ተፈልፍሎ ይውጣ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሰው የማይጠረጥረው አደጋ ግን በንጹሑ ውሃ ውስጥ ያለው ነው። ቀድሞ የወባ ትንኝ በረግረግና በወንዝ ዳር ትራባለች ስለምንል፥ ከአዋሽ ወንዝ የራቀ ሰው ከወባም የራቀ ይመስለን ነበር። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀብሪ ደሀር ተገኘች፤ በኋላ በተደረገው ፍለጋም በአዋሽ ሰባት ኪሎ፥ በገዋኔና በሰመራ ታየች። የዚች ትንኝ ልዩ ጠባይ ከተማ መውደዷ ነው፤ ዕንቁላሏን በበርሜል፥ በማጠራቀሚያና ለግንባታ ሥራ ውሃ በሚያቆሩባቸው ጉድጓዶች ትጥላለች። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በሎጊያና በሚሌ የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ደንጊን የምታስተላልፈው ኤዴስ የተባለች ትንኝም እንዲሁ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች፤ የምትነክሰው ቀን ስለ ሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም።

እንግዲህ ነገሩን አስቡት። ቧንቧ ሳይቋረጥ በማይመጣበት ከተማ በመኝታ ክፍል ውስጥ መጸዳጃ መሥራት ማለት በመኝታ ክፍል ውስጥ በርሜል ማስቀመጥ ማለት ነው። ትንኟ ከአልጋው ሁለት እርምጃ ርቃ ተወልዳ እዚያው እራቷን ታገኛለች። በሙቅ አገር ከዕንቁላል እስከ ክንፍ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ሳምንት ተኩል እንኳ ላይሞላ ስለሚችል፥ በርሜሉ ጥብቅ ክዳን ይኑረው፤ በየሳምንቱም ተደፍቶ ጎኖቹ በብሩሽ ይፈተጉ፤ ዕንቁላሉ ከጎኑ ተጣብቆ ይቀራልና። ለውሃው ቁጠባ ደግሞ በጣሳ ውሃ የሚለቀቅበት የመሬት መቀመጫ ከባለ ሣጥኑ ይሻላል፤ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በአንድ ጊዜ 6 ሊትር ለሚደፋ ሣጥን ከሦስት ጊዜ በላይ አይበቃም። ግንበኞቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ የሲሚንቶ ውሃ ያጠራቀሙበት ጉድጓድ በዚያው ቀን ይደፈን፤ የጉድጓዱ አየር መውጫ ቱቦ አፍም በወንፊት ሽቦ ይታሰር።

ስለ ግድግዳው አንድ ቃል ልጨምር። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤተ ሰቦችን ከመኖሪያቸው ማፈናቀሉን የአዋሽ ሰው አይረሳውም። ሰፊውን በር ለመዝጋት የሚቆመው አዲስ ብሎኬት ከግራና ከቀኝ ካለው ምሰሶ ጋራ በፌሮ ካልተያያዘ፥ መሬት በተንቀሳቀሰ ጊዜ በተኛው ሰው ላይ ይወድቃል። ከበሩ በላይ ያለው የአርማታ ማሰሪያም ለመስኮት ተብሎ አይቆረጥ። የሕንፃ አዋጅ ሕንፃን ለመለወጥ ፈቃድ እንዲጠየቅ የደነገገው ለገንዘብ መሰብሰቢያ የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ።

ወደ ጡረተኛው ሾፌር ልመለስ። መስኮቱን ለማስፋትና ማጠራቀሚያቸውን በማማ ላይ ለማውጣት ሳያንገራግሩ ተስማሙ። ቱቦውን ወደ ጓሮ ለማዞር የዋናውን ቤት አንድ ጎን መቆፈር እንደሚያስፈልግ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ‹‹እስከዚያው መጸዳጃውን ልዝጋው ማለት ነው?›› አሉ። ‹‹አዎን፥ ይዝጉት›› አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ከግንቡ ተደግፎ የቆመውን የተነቀለ የብረት በር እያዩ ‹‹ይኸስ ለአዲሱ ጉድጓድ ክዳን አይሆንም?›› ሲሉ ጠየቁኝ። ከጉድጓድ የሚወጣው እርጥበትና ጋዝ ላሜራውን ከሥሩ እንደሚበላው፥ በላዩ የሚሮጥ ሕፃንም ይህን እንደማያውቅ ነገርኳቸው። ክዳኑ ፌሮ ያለው አርማታ ይሁን፥ በሩን ሸጠው ለሲሚንቶው ያድርጉት አልኳቸው።