ቀድማችሁ ግቡ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዘጠነኛው ጎዳናና ዩ ጎዳና በሚገናኙበት ሰፈር ክትፎውን በልቶ የወጣ አበሻ ጥቂት ደቂቃ ቢራመድ ናይን ሰርቲ ክለብ በር ላይ ይደርሳል። 1,200 ሰው የሚይዝ የሮክ ቤት ነው። ወደ 14ኛው ጎዳና ከተሻገረ ደግሞ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን ብላክ ካት ክለብን ያገኛል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በነዚህ በሮች ፊት መኪና አቁመናል፣ ሰልፉን ሰንጥቀን አልፈናል፣ አንዳንዶቻችንም ሾው ሲያልቅ ላብ በላብ ሆነው የሚወጡትን ወጣቶች በታክሲና በኡበር ወደየቤታቸው አድርሰናል። ትኬት ቆርጠን የገባን ግን ጥቂት ነን።

የኛ ሰው ለሙዚቃ ገንዘብ አይሰስትም። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ስመ ጥር ዘፋኝ ሲመጣ ትኬቱን፣ ጠረጴዛውን፣ ጠርሙሱን ሳንከራከር እንከፍላለን። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተብሎ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብቅ ለሚለው ዘፋኝም እናጨበጭባለን። ክፋት የለውም፣ እኔም እሄዳለሁ። የምንሄደው ግን በቃላችን የያዝነውን ዘፈን እንደገና ለመስማት ነው። ስሙን ለማናውቀው ልጅ፣ ሰምተነው ለማናውቀው ዜማ አሥር ወይም አሥራ አምስት ዶላር ማውጣት ግን እንደ ብክነት ይታየናል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ። ታዋቂው ዘፋኝ እኛ ብንቀርም አዳራሹ ይሞላለታል። ጀማሪው ባንድ ግን በሚቀጥለው ወር መጫወት አለመጫወቱ የሚወሰነው በዚያች ማታ በር ላይ በሚሰበሰበው ገንዘብ ነው።

ይህ ከተማ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ታሪክ አለው። ቲን አይድልስ የሚባሉ የዲሲ ጎረምሶች ባንዳቸው ሲበተን ከየመድረኩ ያጠራቀሙት 600 ዶላር ገደማ በእጃቸው ነበር። ተካፍለው ከመጨረስ ሸክላ አሳተሙበት። በ1980 ዲስኮርድ ሬከርድስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ በዚህ ዓይነት ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ኢያን ማካይ በ1987 ፉጋዚ የተባለውን ባንድ አቋቋመ። ፉጋዚ ከአንድ ሺህ በላይ መድረክ ላይ ሲጫወት መግቢያውን አምስት ዶላር አካባቢ ለማድረግና በሩን በየትኛውም ዕድሜ ላለ ሰው ክፍት ለማድረግ ይሟገት ነበር። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሊያስፈርሙት ቢመጡም አልተቀበላቸውም። ያን ሁሉ ደግፎ ያቆመው ስሙን ለማያውቀው ባንድ ኪሱን የሚፈትሽ የሰፈር ወጣት ነው።

«ሮክ የነጭ ልጆች ጩኸት ነው» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ለሱ የማነሣለት ባድ ብሬይንስን ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ እዚሁ ዲሲና አካባቢው የተነሡ አራት ጥቁር ወጣቶች ናቸው። ጃዝ ሲሞክሩ ቆይተው ወደ ፓንክ ገቡና ፍጥነቱን ሌሎቹ ሊደርሱበት እስኪቸገሩ ድረስ አጧጧፉት። እነ ማካይም ከነሱ እንደተማሩ ራሳቸው ይናገራሉ። ራስ ተፈሪያውያን ስለነበሩ በፓንኩ መሐል ሬጌ ጣል ያደርጋሉ። በ1982 በካሴት የወጣው አልበማቸው ሽፋን ላይ የካፒቶል ጉልላት በመብረቅ ሲመታ ይታያል፤ ቀለሙም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። ወዳጄ ሽፋኑን ካየ በኋላ ክርክሩን ትቷል፤ ሙዚቃውን ግን ገና አልወደደውም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ደግሞ የኪቦርድ ተጫዋቹ የጋሽ ኃይሉ መርጊያ ነገር አለ። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ መጥተው እዚሁ ቀሩ። ለዓመታት ታክሲ ሲነዱ፣ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እስኪደርሳቸው ድረስ ኪቦርዳቸውን ከሻንጣ ማስቀመጫው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በዚያው ተራ ስንት የአገራቸው ልጅ ተሰልፏል! በ2013 የአኮርዲዮን ካሴታቸውን በድጋሚ አሳትሞ ወደ መድረክ የመለሳቸው ግን ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለ አነስተኛ ነፃ አሳታሚ ነው። መሥራቹ ብራያን ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ያገኘው ባሕር ዳር ነው። ከዚያ በኋላ በየከተማው ሊሰሟቸው የገቡት በአብዛኛው አማርኛ የማይሰሙ፣ አዲስ ድምፅ ፍለጋ የሚዞሩ ወጣቶች ነበሩ። በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጡ። የኛን ዜማ የሚጫወተው የቦስተኑ ደቦ ባንድም የመጀመሪያ አልበሙን በ2012 ያወጣው ቀድሞ የኒርቫናን የመጀመሪያ አልበም ባሳተመው በሰብ ፖፕ ሥር ነው። የኛን ዜማ ቀድሞ ያወቀው ማን እንደሆነ ሳስብ ትንሽ ይከነክነኛል።

«በስልኬ እሰማቸዋለሁ፣ ይበቃል» የሚል ይኖራል። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፍልም። ለተደመጠውም ቢሆን በአንድ ማድመጥ የሚደርሰው ከአንድ ሳንቲም በታች ነው። ባንድካምፕ የተሻለ ነው፤ ከሚሸጠው ሙዚቃ 15 በመቶ አካባቢ ወስዶ የቀረው በአብዛኛው ለባንዱ ይሆናል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከመድረኩ ጎን ያለችው ጠረጴዛ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ቲሸርቱንና ሸክላውን የሚሸጥላችሁ ቅድም ቤዝ ሲመታ የነበረው ልጅ ራሱ ነው፤ ገንዘቡም ለቫኑ ቤንዚን ይሆናል። አዝማሪ ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ለለመደ ሕዝብ ይህ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም።

አዲስ ባንድ የሚገኘው እንዴት ነው ለሚለኝ፣ መልሴ አጭር ነው፦ በጊዜ ድረሱ። በነዚህ ክለቦች ከዋናው ባንድ በፊት አንድ ወይም ሁለት ባንዶች ይጫወታሉ። ብዙውን ጊዜ የከተማው ልጆች ናቸው፤ መድረክ የሚወጡትም በተባለው ሰዓት ገደማ ነው። በሐበሻ ሰዓት የደረሰ ሰው የሚያገኘው ሌላው ዓለም አስቀድሞ ያወቀውን ባንድ ብቻ ነው። የጆሮ መድፈኛ ያዙ፣ ቀልድ አይደለም። ከምታዩአቸው ባንዶች ግማሹ ላያስደስታችሁ እንደሚችልም ዕወቁ፤ እኔም ከአንዳንዱ ራሴን ይዤ ወጥቻለሁ። በበጋ ደግሞ ቴንሊታውን አጠገብ ፎርት ሪኖ መናፈሻ የአካባቢው ባንዶች በነፃ የሚጫወቱበት የቆየ ልማድ አለ፤ ብርድ ልብስ አንጥፎ ከነልጆች ማየት ይቻላል።

ልጆችን ካነሣሁ አይቀር፣ ቤዝመንት ውስጥ ድራም የሚደበድብ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የሒሳብ አስጠኚ ቀጥራችሁለታል፣ መልካም አድርጋችኋል። ባንዱ የሆነ ቦታ እንደሚጫወት ሲነግራችሁም ሂዱ። ብላክ ካትም ናይን ሰርቲም ዕድሜው ለመጠጥ ያልደረሰውን እጁ ላይ የኤክስ ምልክት አድርገው ያስገባሉ፤ ምልክቱ አልኮል እንዳይሸጥለት ነው፤ ስለዚህ ታናናሾቹንም ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። በር ላይ ስትደርሱ ግን «የልጁ አጎት ነኝ፣ ዘመድ ነን» ብላችሁ በነፃ ለመግባት አትሞክሩ። እባካችሁ ክፈሉ።